ማራ ካርፋኛና ተቺዎቻቸው፤ ሂሳዊ ዳሰሳ

በግንቦት ወር 2008 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ አራተኛውን የኢጣልያ መንግሥታቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፣ ለእኩል ዕድል ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ማራ ካርፋኛ ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበሩ፤ ጋዜጦችም ሹመቱን ባወሱ ቍጥር አስቀድመው ያነሡት ስለ ሴቶች መብት ያላቸውን አሳብ ሳይሆን ቀድሞ በመጽሔት የወጣውን ፎቶግራፋቸውን ነበር። ይህ ዳሰሳ ሊያስረዳ የሚሻው፣ ትችቱ መነሣቱ ተገቢ ሆኖ ሳለ ሊያርፍበት ከሚገባው ሰው ላይ እንዳላረፈ፣ ሊመረምረው ይገባ ከነበረው ከሕጉ አንቀጽም ሳይደርስ እንደ ቀረ ነው።

ወይዘሮ ካርፋኛ በ1975 በደቡብ ኢጣልያ በሳሌርኖ ከተማ ተወልደው፣ በ1997 በወይዘሪት ኢጣልያ የቁንጅና ውድድር ስድስተኛ ወጥተው፣ በ2001 በሳሌርኖ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ ከ2000 እስከ 2006ም በሬተ ኳትሮ ጣቢያ «ላ ዶመኒካ ዴል ቪላጆ» የተባለውን የእሑድ ፕሮግራም ከዳቪዴ መንጋቺ ጋር ሲያቀርቡ ቈዩ። የቁንጅናው ውድድር ራሱ በ1939 በዲኖ ቪላኒ አሳቢነት የጥርስ ሳሙናን ለማስተዋወቅ ሲባል የተጀመረ፣ ላሸነፈው ፈገግታ 5,000 ሊሬ የሚሸልም የፎቶግራፍ ውድድር ነበር፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1946 ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ደግሞ የቤርሉስኮኒ ንብረት ነበረ፤ ቤርሉስኮኒም በ1994 ፎርዛ ኢጣልያን ሲመሠርቱ ብዙዎቹን እጩዎች የመለመሉት ፑብሊታልያ ከተባለው የራሳቸው የማስታወቂያ ኩባንያ ነው። እንግዲህ ንግድና ቴሌቪዥን ፓርቲውን የወለዱት አንዲት የቁንጅና ተወዳዳሪ ወደ ደጃፉ ከመድረሷ ከብዙ ዓመት በፊት ነበረ፤ በዚያው በር የገቡት ወንዶች ግን ስለ ገጻቸው አልተጠየቁም። ጆቫኒ ቶቲ በቤርሉስኮኒ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ክፍል ዋና ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ ቈይተው በ2014 ለአውሮፓ ምክር ቤት፣ በ2015 ለሊጉርያ ክፍለ ሀገር ፕሬዚዳንትነት በበቁ ጊዜ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ስለ ፖለቲካቸው ነበር።

የሹመቱን ምክንያት በቅን ልብ ለሚመረምር ሰው፣ በ2005 የወጣው የምርጫ ሕግ ከማናቸውም ሐሜት ይልቅ ብርሃን ይሰጠዋል። በዚያ ሕግ መራጩ ፓርቲ እንጂ ሰው አይመርጥም ነበር፤ የእጩዎቹን ስምና ተራ የሚወስነው የፓርቲው አለቃ ስለ ሆነ፣ በ2006ና በ2008 ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የገቡት ሁሉ፣ ሊቁም ነጋዴውም የቴሌቪዥን ሰውም፣ የገቡት በአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ነበር። በጥር 2007 ቤርሉስኮኒ በአንድ የሽልማት ምሽት ላይ ባለትዳር ባይሆኑ ኖሮ ካርፋኛን ወዲያው ያገቡ እንደ ነበር በአደባባይ በተናገሩ ጊዜ፣ ባለቤታቸው ቬሮኒካ ላርዮ ለላ ሬፑብሊካ ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንዲጠየቁ ግድ አሉ፤ ይቅርታውም ተጠየቀ። ነገር ግን ቃሉን ያልተናገሩት፣ የተነገረባቸውም ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ቃል ዕዳ ተሸካሚ ሆነው መቅረታቸው፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የዘመኑ ትችት ትልቅ ግድፈት ነው።

በ2010 የተደረገው የክፍለ ሀገር ምርጫ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነበር። በዚያ ምርጫ መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ፣ ከምርጫ ጣቢያው በተሰጠው በማይፋቅ እርሳስ፣ ከፓርቲው ምልክት አጠገብ ባለው ባዶ መስመር ላይ የሚወደውን እጩ ስም በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ሳሌርኖ በምትገኝበት በካምፓንያ ክፍለ ሀገርም ከ55,000 የሚበልጡ ሰዎች «ካርፋኛ» ብለው ጻፉ፤ በዚያ ዓመት በመላው ኢጣልያ ከዚህ የበለጠ የስም ድምፅ ያገኘ እጩ አልነበረም። ዝና ድምፅ እንደሚስብ አልክድም፤ ይሁን እንጂ በአለቃ ፈቃድ ብቻ ቆመዋል የሚለው ክስ ከዚህ ቀን በኋላ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገው ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ ረዥም ምርመራ የሚገባው በወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ላይ የተጨመረው አንቀጽ 612 ቢስ ነው። ከ2009 በፊት አንድ ሰው ትታው የሄደችውን ሴት ከደጃፏ ቆሞ ቢጠብቃት፣ በሥራ ቦታዋ ቢመላለስባት፣ ሌሊቱን ሁሉ ስልክ ሲደውል ቢያድር፣ ዛቻ ወይም ድብደባ ካልጨመረበት በቀር ሕጉ ድርጊቱን ከቀላል የደንብ መተላለፍ አብልጦ አይመለከተውም ነበር። በየካቲት 2009 በአስቸኳይ ድንጋጌ ወጥቶ በሚያዝያ በቍጥር 38 የጸደቀው ሕግ ግን፣ ድርጊቱ ተደጋግሞ ተበዳዩን በጽኑ ጭንቀት ላይ የጣለ፣ ለሕይወቱ ያሰጋው፣ ወይም የኑሮውን ልማድ እንዲለውጥ ያስገደደው እንደ ሆነ፣ ከስድስት ወር እስከ አራት ዓመት እስራት ወሰነበት፤ በ2019 ቅጣቱ ከአንድ ዓመት እስከ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ደርሷል። ተበዳይዋ ክስ ለመመሥረት ገና ያልቈረጠች እንደ ሆነ ለፖሊስ አዛዡ አመልክታ ሰውየው ተጠርቶ በቃል እንዲገሠጽ ማድረግ ትችላለች፤ ተግሣጹን ንቆ የተመለሰ ቅጣቱ ይከብድበታል። ሚኒስትሯ የአሳቡ አመንጪ አልነበሩም፤ ከእርሳቸው በፊት የነበረው መንግሥትም ረቂቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ እርሳቸው ከፍጻሜ አደረሱት።

ስሕተታቸውንም መሸፈን አይገባም። በ2008 በጎዳና ላይ የቆመችውን ሴትና ደንበኛዋን በአንድነት የሚቀጣ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ከድኽነትና ከአስገዳጅ ደላላ የተነሣ ወደዚያ የወጣችውን ሴት ተከሳሽ የሚያደርገው ይህ ረቂቅ በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ መቅረቱ መልካም ሆነ። ተቺዎቹ ሊበረቱ ይገባቸው የነበረው በዚህ ነበር።

በየካቲት 2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርዮ ድራጊ የደቡብ ኢጣልያ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በዚህ ሹመታቸው ዘመን፣ ከአውሮፓ የመልሶ ማቋቋም ገንዘብ ለየክፍላተ ሀገሩ ሊደለደል ከሚችለው ቢያንስ 40 በመቶው ለደቡብ እንዲውል በሕግ ተጻፈ፤ ከሦስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናትም ለ33 በመቶው የመዋያ ቦታ እስከ 2027 እንዲዘጋጅ ተደነገገ፤ ይህም መዋያ በማጣት ከሥራ ለሚቀሩት ለካምፓንያና ለካላብርያ እናቶች ታላቅ ነገር ነው። በሐምሌ 2022 ፎርዛ ኢጣልያ ለድራጊ መንግሥት የመተማመኛ ድምፁን በነፈገ ጊዜ፣ ከ2004 ጀምሮ ያገለገሉትን ፓርቲ ትተው ወጡ፤ ከቤርሉስኮኒ ፈቃድ ውጭ ህልውና የላቸውም ይሉ የነበሩትም ጸሐፊዎች ይህን መውጣት በምን ምክንያት እንደሚያስረዱት እስከ ዛሬ አልጻፉልንም።