የዋጋ መርጋትና የላስታ ገበሬ

ስለ ገበያ ዋጋ መርጋት የተጻፈው የሒሳብ ትምህርት ዋና መነሻው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1874 የወጣው የሌዎን ዋልራስ መጽሐፍ ነው። በእርሱ አሳብ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ ይወጣል፤ ዕቃ ሲተርፍ ይወርዳል፤ እንዲህ እያለም ከሚዛኑ ይደርሳል። ፖል ሳሙኤልሰን በ1941 ይህንኑ በእኩልዮሽ አሰፈረው። ኬኔት አሮና ሊዮኒድ ሁርዊክዝ በ1958 ዋጋ የሚረጋበትን ሁኔታ መረመሩ። ኸርበርት ስካርፍ ግን በ1960 ሦስት ዕቃ ብቻ ባለበት ገበያ እንኳ ዋጋ ሚዛኑን ሳያገኝ ሲዞር ሊኖር እንደሚችል አሳየ።

ክርክሩ ሁሉ «ዋጋ ይረጋልን?» የሚል ነበር። ለእኛ አገር የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም፣ ዋጋ ቢረጋስ ሰው ይድናልን?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ተመታ። አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፣ በዚያ ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም እንዳልራቀ አመለከተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድነት አጣ፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ረኀብ ደግሞ በእኩልዮሹ ውስጥ ፍላጎት ተብሎ አይቈጠርም። ስለዚህ ዋጋው ረጋ፤ ሰው ግን አለቀ።

ጉድለቱ ከሒሳቡ ሳይሆን ከመነሻ ግምቱ ነው። አሮና ዠራር ደብሩ በ1954 ሚዛን መኖሩን ሲያረጋግጡ፣ እያንዳንዱ ሰው ሳይገበያይም በራሱ ሀብት መኖር እንዲችል አድርገው ገመቱ። ጄፍሪ ኮልስና ፒተር ሃመንድ በ1995 ይህን ግምት ቢያነሡት፣ ሰው በረኀብ እየሞተም ገበያው ሚዛኑን ሊጠብቅ እንደሚችል አስረዱ።

የሴንም ማስረጃ ቢሆን ያለ ነቀፌታ አይታለፍም። ስቲቨን ዴቨሮ በ1988 እንደ ተከራከረው፣ በወሎ የእህሉ ራሱ መጕደልም ሊዘነጋ አይገባም። ደግሞም ደሴ ላስታ አይደለችም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚቆምበት፣ ሸለቆ መንደርን ከመንደር በሚለይበት አገር፣ ገብሱን በአህያ ጭኖ ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው ዋጋ በደሴ ዋጋ አይታወቅም።

እንግዲህ ለአገራችን የሚበጅ ሞዴል ለየገበያው የየራሱን እኩልዮሽ፣ በመካከላቸውም የማጓጓዣውን ወጪ መያዝ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ግን የገብስን ዋጋ ለብቻው ሳይሆን፣ አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ እንደሚገዛ ይመዝን። የገብስ ዋጋ ረግቶ የበግ ዋጋ ሲወድቅ፣ የእህል ዋጋን ብቻ የሚጽፍ ሰው ሰላም ነው ይላል፤ ገበሬው ግን ረኀቡን አስቀድሞ ያውቀዋል።