ከኮሌታው ወዲያ

ዋሽንግተን ውስጥ ከምኖርበት ቤት አለፍ ብሎ ሁለት የኦክ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ከሁለቱም ላይ ከዓመታት በፊት፣ በሰው ቁመት ልክ፣ አንዳንድ ቅርንጫፍ ተቆርጧል። የመጀመሪያው ጠባሳ ክብ ነው። ዙሪያውን አዲስ እንጨት አብጦ እንደ እንስራ ማቶት ተጠቅልሏል፤ መሀሉ ላይ የቀረችው ቀዳዳ ከሳንቲም አትበልጥም። የሁለተኛው ጠባሳ እንደ ዓይን ረዘም ያለ ነው። አዲሱ እንጨት በግራና በቀኝ ብቻ ከንፈር አውጥቷል፤ ከላይና ከታች ምንም አልበቀለም። መሀሉ ጠቁሯል፤ ጣት ሲነካው እንደ ራሰ ብስኩት ይፈረፈራል።

እነዚህን ሁለት ቁርጦች የለያያቸው የሁለት ጣት ስፋት ነው። አንዱ ቆራጭ መጋዙን ከኮሌታው ወዲያ አሳረፈ፤ ሌላው ኮሌታውን አብሮ ወሰደው።

ኮሌታ የምለው ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ሥፍራ ያለውን እብጠት ነው። ልብ ብሎ ላየው፣ የሸሚዝ ኮሌታ አንገትን እንደሚያቅፍ ቅርንጫፉን ከሥሩ አቅፎታል። ከላይ በኩል፣ በብብቱ ላይ፣ ቅርፊቱ ተጨማድዶ የወጣ ሸንተረር አለ። በአንዳንድ ዛፍ ላይ ሁለቱም ከሩቅ ይታያሉ፤ በአንዳንዱ ላይ ግን በአውራ ጣት ዳብሶ ነው የሚገኙት። ቅርንጫፉ ይሄዳል፤ ኮሌታው ግን የግንዱ ነውና ይቀራል።

ይህን ሙያው ራሱ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የሚባለው ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ የሚላጭ፣ ከዚያም ቁስሉን ሬንጅ ወይም ቀለም የሚቀባ ነበር። ለዓይን ያምራል፤ አዲስ እንደተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልማድ ከሥሩ የነቀነቀው አሌክስ ሻይጎ ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ነበር፤ በኒው ሃምፕሻየር ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች በቁመታቸው እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አነበበ። ብስባሴው ከየትኛው ቁስል እንደጀመረ፣ በየት በኩል እንደሄደ፣ የት ላይ እንደቆመ ተከታተለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ሥራ ያመጣው ሐሳብ አጭር ነው፦ ዛፍ ቁስሉን አያድንም፤ ይከልለዋል። የእኛ ቆዳ ሲቆረጥ በተጎዳው ቦታ አዲስ ቆዳ ይተካል። ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት ለዘላለም ይዞት ይኖራል፤ የሚችለው ዙሪያውን ግድግዳ መገንባት ነው።

ሻይጎ ግድግዳዎቹን አራት ብሎ ቆጠራቸው። አንደኛው ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን መንገድ ይዘጋል፤ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። በባዶ ግንድ ውስጥ ብስባሴ ከጎን ይልቅ በቁመት ርቆ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ወደ እምብርቱ የሚወስደውን፣ ሦስተኛው ወደ ጎን የሚወስደውን መንገድ ያግዳሉ። አራተኛው ዛፉ ከቆሰለ በኋላ በሚሠራው አዲስ እንጨትና ቀድሞ በነበረው እንጨት መካከል የሚቆም ነው፤ ከሁሉም የበረታውም እሱ ነው። ቅርንጫፍ ሲሞት ዛፉ ከግንዱ የሚለይበትን አጥር የሚያበጀው ኮሌታው ውስጥ ነው። ቅርንጫፉን ልሙጥ አድርጎ የላጨው ሰው እንግዲህ ቁስሉን አሳመርኩ እያለ አጥሩን አፍርሶታል። ቀለሙም ብስባሴውን አላስቆመም።

ከዚህ በኋላ የሙያው ውበት የሚገኘው መጋዙ የሚያርፍበትን ቦታ ከዛፉ በመጠየቅ ሆነ። ይህን በዓይኔ ያየሁት በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሰፈር ነዋሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ነው። አሰልጣኟ መጋዟን ከወገቧ ሳታወጣ ዛፉን ሁለቴ ዞረችው። ቅጠል አልነበረውም፤ አጥንቱ ሁሉ ይታይ ነበር። ያየችበት ጊዜ ከቆረጠችበት ጊዜ ይበልጣል፤ እኔም ከሁሉ በፊት ልቤን የሳበው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያሳየችን ክንድ የሚያህል፣ ዝቅ ብሎ የወጣ ቅርንጫፍ ነበር። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ከታች ወደ ላይ አንድ ሦስተኛውን ገዘገዘችው። ከዚያ ከእሱ ትንሽ ወደ ውጭ ወጥታ ከላይ ወደ ታች ጀመረች። ቅርንጫፉ ጠቅ ብሎ ተሰብሮ ወደቀ፤ ስንጥቁም ከታች ካለው የመጀመሪያ ቁርጥ ደርሶ ቆመ። ያ የታችኛው ቁርጥ ባይኖር ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ልጦት ይወርድ ነበር። ቀርቶ የነበረው ጉማጅ ቀላል ነው። እሱን በግራ እጇ ደግፋ፣ ከሸንተረሩ ወጣ ብላ፣ መጋዟን በኮሌታው ዝንባሌ ልክ አጋድማ ሳበችው። መጋዟ የሚቆርጠው ሲሳብ ነው፤ ስትገፋው አትጫነውም። መጨረሻ ላይ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ጉማጁም ቅርፊት ሳይቀድ እጇ ላይ ቀረ። የተቆረጠው ፊት በጣት ሲዳበስ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር፤ አንድም ጭረት አልነበረውም።

ከዚህም የበለጠ የወደድኩት ግን ቀጥሎ በአንድ ለጋ ኤልም ላይ የሠራችውን ነው። ዛፉ እኩል የወፈሩ ሁለት ጫፎች አብቅሎ ነበር፤ መጋጠሚያቸው እንደ ጠባብ መንሽ ተሹሎ ቅርፊት በመሀላቸው ተቀብሯል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ እንጨት ለእንጨት አልተያያዘም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአንድ የነፋስ ሌሊት መኪና ላይ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ቶሎ የሚታሰበው አንዱን ጫፍ ከሥሩ መቁረጥ ነበር። እሷ ግን አላስወገደችውም፤ ዝቅ አደረገችው። የራሱን ውፍረት ሲሶ ያህል የሚሆን የጎን ቅርንጫፍ ፈልጋ እስከዚያ አሳጠረችው። ብርሃኑ ለወንድሙ ይሆናል፤ ያኛው ሲወፍር ይህኛው በዝግታ ያድጋል፤ ከዓመታት በኋላ ተራ ቅርንጫፍ ሆኖ ይቀራል ወይም በትንሽ ቁስል ይነሳል። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ አይነሳም። ቀሪውን ዛፉ ይሠራዋል።

ይህ እውቀት ከቤተ ሙከራ እስከ ሰፈር የሚደርሰው በራሱ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣችውን የደን ትብብር ሕግ በ1990 አሻሽላ ለከተሞችና ለመንደሮች ዛፍ የሙያና የገንዘብ ድጋፍ የሚደርስበትን መንገድ አሰፋች፤ በየክፍለ ግዛቱም የከተማ ዛፍ አስተባባሪ አለ። አንድ ትንሽ ከተማ ዛፎቼን ልቁጠር ሲል የግንድን ውፍረት ከመሬት 1.37 ሜትር ላይ መለካት እንዳለበት የሚያሳየው ሰው ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም ቆጠራውን ወደ ጥላ፣ ወደ ዝናብ ውኃና ወደ ንጹሕ አየር ዋጋ የሚተረጉም አይ-ትሪ የተባለ ነጻ የኮምፒውተር መሣሪያ አለ። ቁጥሩ በበጀት ስብሰባ ላይ ይናገራል፤ ያስፈልጋልም። የእኔ ልብ ግን አሰልጣኟ በአውራ ጣቷ ሸንተረሩን ስትዳብስ ያየኋት ላይ ነው። ያ የሚተላለፈው አጠገብ ቆሞ በማየት ነው።

ከሠልጣኞቹ መካከል ሰባዎቹን ያጋመሱ አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ነው ያደጉት። መጋዙን ሲቀበሉ አያያዛቸው የሠራበት ሰው አያያዝ ነበር።

“ጋሼ፣ ከዚህ በፊት ዛፍ ቆርጠው ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“ባሕር ዛፍ ነዋ! አጠና ለማገር፣ ጭራሮው ለምድጃ። ግን ልጄ፣ ባሕር ዛፍን ወደ መሬት ጠጋ ብለህ፣ ውኃ እንዳይቋጥር አጋድመህ ነው የምትቆርጠው። ቅርፊቱን ከጉቶው እንዳትልጠው እንጂ ሌላውን እሱ ያውቅበታል። በክረምት ተመልሶ ያቆጠቁጣል።”

ያሉት ራሱ የጠራ ሙያ ነው፤ እያሰብኩበት ሰነበትኩ። ባሕር ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ በምኒልክ ዘመን፣ ማገዶ ላጠረው አዲስ አበባ ደርሶ ከተማዋን ከመፈለስ አዳናት። እሱን ስንቆርጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ እጃችን የሠለጠነው በሚያቆጠቁጥ ዛፍ ላይ ነው። ጽድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቅጠል ከሌለው ያረጀ እንጨቱ ላይ ተቆርጦ አዲስ ቀንበጥ አይጠበቅበትም። የመንገድ ዳሩ ጃካራንዳም ለኤሌክትሪክ ሽቦ ተብሎ አናቱ ሲጎመድ ቀንበጥ በብዛት ያወጣል፤ ልምላሜ ይመስላል። ቀንበጦቹ ግን ከላይኛው የእንጨት ሽፋን ላይ ብቻ የተለጠፉ ናቸው፤ ሲከብዱ ይገነጠላሉ። ለማገዶ የተማረው እጅ ለጥላ ዛፍ ሌላ ትምህርት ያሻዋል። ቡናችን ይህን ካገኘ ቆይቷል፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመለመል፣ መቼ ጉንደላ እንደሚያስፈልግ ገበሬውን ማሳው ላይ የሚያማክር የልማት ሠራተኛ አለ። የቀበሌ ዛፍም እንዲህ ያለ አማካሪ እንዲኖረው እመኛለሁ። በ2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተተከሉት ችግኞች የጸደቁት፣ ያ ኤልም እንደተሠራው መሠራት ያለባቸው በዚሁ ለጋ ዕድሜያቸው ነው፤ ቁስሉ የአውራ ጣት ውፍረት ሳለ።

ጋሼ የደረሳቸው በኤልሙ ጎን የወጣ፣ ሌላውን የሚፈትግ ቅርንጫፍ ነበር። ሸንተረሩን ዳበሱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና ዳበሱ። ከዚያ በአራት ስበት ጨረሱት። አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ ቁርጡን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ቀለም አልተቀባም። ከግንዱ ሥር የነበረውን የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ብቻ ከቅርፊቱ አራቅን፤ ግንድ ላይ ተከምሮ እርጥበት እንዳይዝ።

በሁለተኛው ነሐሴ አብረን ሄደን አየነው። ቀለበቱ ዙሪያውን ወጥቷል፤ ከላይም፣ ከጎንም። ጋሼ ጣታቸውን ዙሪያውን አስኬዱና ከታች በኩል ሲደርሱ አቆሙ። እዚያ ጋ እብጠቱ ትንሽ ቀጠን ብሏል።

“አየህ፣ እዚህ ላይ መጋዙን ወደ ውስጥ አጋድሜዋለሁ” አሉኝ።