ብርሃኑ የት ይረፍ?

ደንበኞቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውሉልኝ ከሱቅ ውስጥ ሆነው ነው። አስቀድመው ፎቶ ይልካሉ፤ ስምንት ክንድ ያለው ወርቃማ ቻንደሌር፣ ከሥሩ የብርጭቆ ጠብታዎች የተንጠለጠሉበት። «ለሳሎናችን ይሆናል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሌላ ሌላውን እጠይቃለሁ። እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል? ቡና የሚፈላው በየትኛው ጥግ ነው? ልጆቹ የሚያጠኑት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው ወይስ መኝታ ቤት? እናታችሁ አብረዋችሁ ይኖራሉ? «ይሄ ከመብራት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን የምርጫው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት መስመር በመዘርጋት ነው፤ ቱቦ መቅበር፣ ሽቦ መሳብ፣ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም። መብራት መምረጥ የሙያዬ አካል የሆነው ቀስ በቀስ፣ ጨርሼ ባስረከብኳቸው ቤቶች ውስጥ ሰው ሲኖርባቸው እያየሁ ነው። ከዚያ ያገኘሁትና እስካሁን የምሠራበት እምነት ይህ ነው፤ መብራት መመረጥ ያለበት ብርሃኑ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ቻንደሌሩን ቀና ብለን የምናየው ስንገባ አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ የምናየው አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ፊት፣ የምንበላውን ምግብ፣ የምናነበውን መጽሐፍ ነው።

ኤሌክትሪክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት ከገባም በኋላ ለብዙ ዘመን አብዛኛው የአገራችን ቤት ያመሸው በኩራዝና በፋኖስ ነው፤ ደህና ያለው ደግሞ በማሾ። ጭሱና ሽታው ጤና የሚጎዳ ነበርና ማንም ወደዚያ ተመለሱ አይልም። አንድ ነገራቸው ግን ትክክል ነበር፤ ብርሃኑ የሚቀመጠው ሰው ባለበት ነው። ወጥ የምትሠራዋ አጠገቧ ታስጠጋዋለች፣ የሚያነበው ወደ ራሱ ይስበዋል፣ ወደ ጓዳ የሚሄደው አንስቶ ይዞት ይሄዳል። አምፖሉ ኮርኒስ ላይ ሲወጣ ግን ከሰው ራቀ።

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞችም ሆነ በብዙ የግል ቤቶች ለሳሎን የሚተወው የመብራት ቦታ አንድ ነው፤ የኮርኒሱ መሃል። ሶፋ ደግሞ በእኛ ቤት ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚዘረጋው። ስለዚህ ብርሃኑ ደምቆ የሚያርፈው ማንም በማይቀመጥበት ምንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ሶፋው ላይ ያለው ሰው ከቅንድቡ በታች ጥላ ያጠላበታል። ቡና የምታፈላዋ ይበልጥ ትቸገራለች። በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ፣ ብዙ ጊዜም ለመብራቱ ጀርባዋን ሰጥታ ስለምትቀመጥ፣ ቡናውን የምትቆላው በገዛ ጥላዋ ውስጥ ነው። ፍሬው ከወርቃማ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር የሚያልፍበት ጊዜ አጭር ነው፤ ዓይን ካላገዘ ያራል። እዚያ ጥግ ላይ አንድ ባለ 5 ዋት የግድግዳ መብራት ወይም በጎን የሚቆም መብራት ቢኖር ችግሩ ይቀረፋል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ቅርብ ያለ ትንሽ አምፖል ኮርኒስ ላይ ካለው ትልቅ ይልቅ ይጠቅማል።

እናታችሁ አብረዋችሁ ይኖራሉ ወይ የምለውም ለዚሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ቢጫ ይላል፤ ስልሳ ዓመት የደረሰ ሰው ሬቲናው ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ዳዊት የሚደግሙ እናት መስኮት አጠገብ ካልሆነ አልታይ አላቸው ማለት መነጽራቸው አልበቃም ማለት ላይሆን ይችላል። ከወንበራቸው በስተጎን፣ ከትከሻቸው ትንሽ ከፍ ያለ መብራት ግጠሙላቸው።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ «ነጭ ነው ቢጫ?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነቱ በኬልቪን ይለካል፤ 2700 እና 3000 «ቢጫ» የምንለው ሞቅ ያለው ብርሃን ነው፣ 4000 መካከለኛው፣ 6500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ። ሰው በብዛት 6500ውን የሚያነሳው የበለጠ የደመቀ ስለሚመስለው ነው። እኔ ሳሎንና መኝታ ቤት ከ3000 አላሳልፍም። ለማድ ቤት 4000 እመርጣለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ነጭና ቢጫ መቀላቀል ግን ባለቤቱ ካልጠየቀኝ በቀር አላደርገውም።

ካርቶኑ ላይ ማንም የማያነበው ሌላ ቁጥር አለ፤ ሲአርአይ የሚባለው። ብርሃኑ የነገሮችን እውነተኛ ቀለም ምን ያህል እንደሚያሳይ የሚናገር ነው፤ ከፍተኛው 100 ነው። ተለምዶ የሚጻፈው 80 ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ደብዘዝ ያሉ የስምንት ቀለሞች አማካይ ነው። ድፍን ቀይ በዘጠነኛነት ለብቻው የሚለካ እንጂ አማካዩ ውስጥ የለበትም። ስለዚህ 80 የተጻፈበት ርካሽ ኤልኢዲ ቀይ ላይ ዜሮ አካባቢ ሊያገኝ ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ ቀይ ያልገባበት የት አለ? በርበሬው፣ ቀይ ወጡ፣ የጥሬ ሥጋው ትኩስነት፣ የሰዉ ፊት።

አንዲት እናት ማድ ቤታቸውን አሳድሼ የመጨረሻውን ሥራ ላስረክብ ስሄድ በር ላይ ተቀበሉኝና «ልጄ፣ ዘንድሮ በርበሬ ሲሸጡልኝ አታለሉኝ መሰለኝ» አሉ። ገብቼ አየሁት። ሳህን ላይ የተደረገው በርበሬ ጡብ መስሏል፤ ምድጃው ላይ ያለው ቁሌትም ቀለሙ ሞቷል። «እትዬ፣ ሳህኑን ይዘው ወደ በረንዳ ይውጡ እስቲ» አልኳቸው። ወጡ። ፀሐይ ሲያገኘው ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ዝም ብለው ጥቂት አዩትና «ታዲያ ያምራል እኮ!» አሉ። ልጃቸው ገዝቶ የሰቀለው 6500 ኬልቪን አምፖል ነበር። ባለ 4000 ኬልቪን፣ ሲአርአዩ 90 የሆነ አምጥቼ ቀየርኩላቸው። በርበሬው የራሱን ቀለም አገኘ፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው አገላብጠው አዩና «እጄም ሰው መሰለ» አሉኝ። ጠይም ቆዳ ቀይ ባነሰው ብርሃን ሥር አመድማ ይሆናል። በዓል ላይ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ሰው የታመመ አስመስሎ ከወጣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መርካቶ መብራት ልገዛ ስሄድ በትንሽ ላስቲክ በርበሬ እይዛለሁ። ሻጩን አምፖሉን አብራልኝ እልና ከሥሩ ዘርግቼ አያለሁ፤ መዳፌንም እጨምራለሁ። ካርቶን ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት አይደለምና ይህን መለኪያ ለማንም እመክራለሁ። በዚያው የስልካችሁን ካሜራ ወደ አምፖሉ አስጠግታችሁ ተመልከቱ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር የሚሮጥ ከሆነ መብራቱ ዓይናችን በማይለየው ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው ማለት ነው፤ ለሚያጠና ልጅ አትግዙት።

የእኛ አገር መስመር በወረቀት 220 ቮልት ነው። እውነቱን የሚያውቀው የእንጀራ ምጣድ ያለው ቤት ነው። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሽቦው ቀጭንና ረዥም ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል። በድሮው አምፖል ቮልቴጅ በመቶ 10 ሲወርድ ብርሃኑ በመቶ 30 ገደማ ይቀንስ ስለነበር፣ ጎረቤት እንጀራ ሲጋግር ቤታችን ይደበዝዝ ነበር። በኤልኢዲ ይህን ማምለጥ ይቻላል። ካርቶኑ ላይ «ከ85 እስከ 265 ቮልት» የሚል ካለ ውስጡ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን አስተካክሎ የሚያቀብለው ክፍል፣ ሰፊ መውረድና መውጣት ይችላል፤ ብርሃኑም አይወርድም። «ከ220 እስከ 240» ብቻ የሚለው ግን መስመሩ ሲዋዥቅ ይርገበገባል፣ ቶሎም ይሞታል። «ኤልኢዲ ሃያ ዓመት ይቆያል ብለውኝ በስድስት ወር ተቃጠለ» የሚል ቅሬታ ስሰማ አምፖሉን ፈትቼ አያለሁ፤ ብርሃን የምትሰጠዋ ቁራጭ ደህና ሆና የተቃጠለው ድራይቨሩ ነው። ቮልቴጅ ካልገደለው ሙቀት ይገድለዋል። አየር በማያስገባ ድፍን ብርጭቆ ውስጥ ከባድ ዋት ያለው አምፖል አትክተቱ።

ስለ ዋት ብዙ አልልም። ዋት የሚነግረን የሚበላውን እንጂ የሚሰጠውን አይደለም፤ የሚሰጠው በሉመን ይጻፋል። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ይሰጥ የነበረውን 800 ሉመን ገደማ ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ይሰጣል።

ወደ ጌጡ ስመጣ፣ የምወደው የሥራዬ ክፍል ነውና አልቸኩልም። በአገራችን እጅ የሚሠራ ነገር ለመብራት ምን ያህል እንደሚመች ገና አልተረዳንም። ቀርከሃ በብዛት ካላቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነን፤ በቀርከሃ ስንጣሪ የተጎነጎነ ክፍት ክፍት ያለ ሽፋን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሲንጠለጠል ግድግዳውን ሁሉ በጥላ ሐረግ ይሸፍነዋል። ሐረጉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ብርጭቆው ጥርት ያለ፣ ብርሃኑ ከጠባብ ነጥብ የሚወጣ አምፖል ግጠሙ። ለስለስ እንዲል ከፈለጋችሁ ደግሞ ወተት የመሰለውን። ሽፋኑ አንድ ሆኖ ክፍሉ ሁለት ዓይነት ይሆናል።

ሰፌድ ግን ሌላ ነው። ስንደዶና አክርማው ጥብቅ ብሎ ስለሚሰፋ ብርሃን አያሳልፍም፤ ብዙ ሰው እንደ ቀርከሃው አንጠልጥሎት ቤቱን ያጨልማል። ሰፌድ ብርሃን የሚመልስ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ስቀሉትና ትንሽ መብራት ከፊቱ አዙራችሁ ወደ እሱ አብሩ፤ የአለላው ቀለም ሁሉ ይወጣል፣ ክፍሉም በሣሩ ቀለም ይሞቃል። ሣርም ሆነ ቀርከሃ ሲሆን አምፖሉ የግድ ኤልኢዲ ይሁን። የድሮው አምፖል ብርጭቆ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ደረቅ ሣር አጠገቡ ማድረግ እሳት መጥራት ነው።

ቻንደሌርስ? ቤት ለእንግዳ የሚሰጥ ክብር ነውና መሃሉ ላይ ሞገስ ያለው ነገር መስቀል የሚፈልግን ሰው እደግፈዋለሁ። ሦስት ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ማረፊያው ነው፤ የጂፕሰም ኮርኒስ ይህን ክብደት አይችልምና መንጠቆው ሶሌታው ውስጥ መግባት አለበት። ብረት ስለሆነም ቢጫና አረንጓዴ የሆነችው የመሬት ሽቦ ሳትገናኝ አይሰቀልም። ሁለተኛው ከፍታው ነው፤ ሰው የሚያልፍበት ከሆነ ታችኛው ጫፍ ከወለሉ 2 ሜትር ከ10 በታች አይውረድ፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ግን ከጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ ሰዎቹ ይቅረብ። ሦስተኛው ጽዳቱ ነው። ዕጣን በሚጨስበት፣ ቡና በሚቆላበት ቤት ብርጭቆ ላይ ቀስ በቀስ ቅባት ያለው ጥቀርሻ ይሠራል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። መቶ ጠብታ ያለው ቻንደሌር ማለት መቶ ጠብታ መወልወል ማለት ነው። ማን መሰላል ላይ ወጥቶ እንደሚወለውለው ሳይታወቅ አይገዛ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚገጠመው መብራት ካርቶኑ ላይ አይፒ 44 (ውሃ የመከላከል ደረጃው ነው) የሚል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዝናብ ለሚመታው ውጭ ግድግዳ 65። መስታወት ላይ መብራት ከላይ ብቻ ሳይሆን ከግራና ከቀኝ ይምጣ፤ ፂም የሚላጭም ኩል የሚኳልም ያመሰግናችኋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደረጃው ላይና ማድ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት አምፖሎች ባትሪ ያላቸው፣ በራሳቸው የሚበሩ ቢሆኑ በጨለማ የሚወድቅ ሽማግሌ አይኖርም።

ቤት እየሠራችሁ ወይም እያሳደሳችሁ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ልስን ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩና ከቤተሰቡ ጋር በባዶው ቤት ውስጥ ዙሩ። ሶፋው የሚሆንበትን፣ የቡናውን ጥግ፣ የአልጋውን ራስጌ፣ የልጆቹን ጠረጴዛ፣ የእናታችሁን ወንበር በጠመኔ ግድግዳው ላይ አመልክቱ። በየምልክቱ ቱቦና ቦክስ አስቀብሩ፤ የመኝታ ቤቱና የደረጃው መብራት ከሁለት ቦታ እንዲበራና እንዲጠፋ አስደርጉ። በዚያን ሰዓት አንድ ቱቦ መጨመር ትንሽ ወጪ ነው፤ ልስንና ቀለም ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ መቦርቦር፣ መለሰን፣ እንደገና መቀባት ይመጣል። ወደ መብራት ሱቅ የምትሄዱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን።