ለእንቁራሪት በሞቴ አይባልም

ባደግኩበት ቤት እንግዳ «ጠገብኩ» ቢል የሚያምነው አልነበረም። እናቴ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ብላ ጉርሻዋን ታስከትላለች። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለልጄ ብዬ የአውስትራሊያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ማሳደግ ስጀምር የማውቀው ፍቅር ይህ ነበር። ማታ ማታ ፌንጣ አቀርብላት ነበር፤ እሷም አንድም ቀን እምቢ አላለችም። እምቢ አለማለቷን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። ከወራት በኋላ ከዓይኖቿ በላይ ያለው ቆዳ በስብ አብጦ እይታዋን መጋረድ ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሟ አገላብጣ አየቻትና «በጣም አበዛህላት» አለችኝ። እጄን መሰብሰብ መማር የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

እንቁራሪቷ ለምን እምቢ እንደማትል የገባኝ ዓይኗን ሳውቅ ነው። ጀሮም ሌትቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንቁራሪት ዓይን ውስጥ ትንሽና ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚነቁ ነርቮች እንዳሉ አሳይተዋል። የሞተ ዝንብ ዙሪያዋን ቢረፈረፍ በመካከሉ ተርባ ልትሞት ትችላለች። ፌንጣውን በወረንጦ ይዤ ፊቷ ሳቀርብ ይህንን አያለሁ፤ እሱ ዝም ካለ እሷም ዝም ናት፣ እግሩን ሲያወራጭ ግን ምላሷ ወጥቶ ሲመለስ ዓይን አይከተለውም። ለእሷ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ምግብ ነው። ስንቱ እንደሚበቃ፣ የቱ እንደሚጠቅም፣ የቱ እንደሚጎዳ የማሰብ ሸክም የአሳዳጊው ነው።

በዱር የእሳት እራቱ፣ ጢንዚዛው፣ ሸረሪቱና በረሮው ይፈራረቃሉ፤ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን ዋናው ቀለብ ማታ ማታ የሚጮኸው ቡናማ ፌንጣ ነው፤ የዚህ ፌንጣ ፎስፈረስ ደግሞ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አጥንት የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። እንቁራሪቷ እንዲሁ ከተተወች መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል። ስለዚህ እንቁራሪትን መመገብ ፌንጣን ከመመገብ ይጀምራል። ለእሷ ከማቅረቤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት የፌንጣውን ሆድ እሞላለሁ። ለቤታችን ጎመን ስከትፍ የተወሰነ ቅጠል ለፌንጣዎቹ አስቀራለሁ፣ ካሮትም እጨምራለሁ። የጎመን ካልሲየም ብዙ ነው። ቆስጣ አልሰጥም፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋል። ከዚያ ፌንጣዎቹን የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 ዱቄት ባለበት ዕቃ ውስጥ ከትቼ ነቅነቅ አደርጋቸዋለሁ። ይህ የሚሆነው ልትበላቸው ስትል ነው፤ ከቆዩ ዱቄቱን ከላያቸው ጠርገው ይጥሉታል።

ልኩን ደግሞ ከራሷ አካል አነባለሁ። በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት የሚበልጥ ፌንጣ አይቀርብም። ታዳጊ በየቀኑ ትበላለች፤ ለእኔዋ ግን ስላደገች በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይበቃታል። በወር አንዴ በግራም በሚለካ ሚዛን እመዝናታለሁ። ያልተበላ ፌንጣ ሣጥኑ ውስጥ አላሳድርም፤ ስትተኛ ሊነክሳት ይችላል።

የአንዷ ልክ ለሌላዋ አይሆንም። ከአፍሪካ የመጣችው ጥፍራም የውሃ እንቁራሪት ምላስ የላትም። ውሃው ሲናወጥ በቆዳዋ ታውቃለች፣ ታሸታለች፣ የሞተውንም ሥጋ በፊት እግሮቿ እየዛቀች ትጎርሳለች። ዘመዶቿ በኢትዮጵያ ውሃዎችም ይኖራሉ። በወረንጦ ምግብ እያወዛወዙ ማባበል ለእሷ አያስፈልጋትም። ስለዚህ እንቁራሪት ላሳድግ ብሎ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው «የትኛዋን?» ብዬ ነው።

ጁን ሲገባ ሣሩ ላይ የሚያበሩ ጢንዚዛዎች ይወጣሉ። አንድ ምሽት ልጄ አንዱን በጠርሙስ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ «ይሄንን ስጣት፣ ያምራል!» አለችኝ። እጇን ያዝኩት። በዚያ በሚያበራ ገላ ውስጥ ከጉርጥ መርዝ ጋር የሚዛመድ መርዝ አለ፤ አንዱ ብቻ ትልቅ እንሽላሊት ሊገድል ይችላል። እንቁራሪቷ ግን ቢሰጣት ታሳድደው ነበር፣ ይንቀሳቀሳላ። ልጄ አብራኝ ወጥታ ጢንዚዛውን ሣሩ ላይ ለቀቀችው።

ዛሬ ማታ ሦስት ፌንጣ ሰጥቻታለሁ። ስትውጥ ዓይኖቿን ትጨፍናለች፤ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰምጠው ምግቡን ወደ ጉሮሮዋ ይገፉታል። መልሳ ስትገልጣቸው ወረንጦውን ታያለች፣ ትጠብቃለችም። በሞቴ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ እንዳለ ክዳኑን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ።