ጠላት የሌለው ሽለላ
(ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን)

ባለፈው ሰሞን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ፉከራ የጦርነት ልጅ ነው፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልናል?» አለ። እኛም የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን አስደመጥነው። አልተረታም፤ እኛም አልተረታንም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ቅጥያ ነው።

ጌታቸው በ1935 ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ክራርና ማሲንቆ ነካክቶ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት ዞረ። በ1949 ገና በጉርምስናው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በዚህ መንገድ ያለፈ ሌላም አለ። የሱ ልዩነት ሽለላን ከሰው አፍ ወስዶ ለሳክስፎን መስጠቱ ነው።

እንዴት? ሸላይ መጀመሪያ ድምፁን ይስባል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ቃሉን ያዘንበዋል። ጌታቸው ይህንኑ በትንፋሹ ሠራው፤ አንዱን ድምፅ ይዞ ያርገበግብና ድንገት ለቆት ቁልቁል ይንደረደራል። የውጭ ሐያስያን ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር አመሳስለውታል። ደግ ምስጋና ነው። ግን ምንጩ የአገር ቤት ቀረርቶ መሆኑ ካልተጨመረበት ጎዶሎ ነው።

በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዘው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን፣ በ2012 «የአንበሳው ትዝታ»ን አብረው አወጡ። ሻካራዎቹ ጊታሮች ለሽለላው እንደ ጭብጨባና እንደ እልልታ ሆነውለታል። ትዝታ ሲመጣ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ጫጫታው ያጣድፈዋል፤ እንባው ሳይወርድ ይደርቃል። መድረክ ላይ የሚደፋው የአንበሳ ጎፈርም ለእኛ የጀግና ማዕረግ ነው፤ ለማያውቅ ተመልካች ግን ትርኢት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ፎካሪ ዘሩን ይቆጥራል፣ ግዳዩን ይጠራል፣ ጠላቱን በስም ያስፈራራል። ሳክስፎን ግን ስም መጥራት አይችልም! ወኔው ይቀራል፣ ጠላቱ ይጠፋል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ስንት ወጣት እንደረገፈ ለምናውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአባቶችን ድፍረት ሳንጥል ደማቸውን የምንተውበት አንድ መንገድ ጌታቸው አሳይቶናል ብለን እናምናለን።

ጓደኛችን ግን አሁንም «ኧረ ተዉኝ! ወኔ ባዶውን አይቆይም፤ ነገ አንዱ መጥቶ ቃል ይጨምርበታል» ይላል። ይህን ሥጋቱን ልናጣጥልበት አልቻልንም። ሥጋቱ ግን ቃል ጨማሪውን እንጂ ጌታቸውን አይከስም።

ጌታቸው በ2016 አረፈ፤ ሥራው አለ። አድምጣችሁ የምትሉት ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።