የሚሸሽ ዳርቻ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ከማንኩሽ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ለእንግዳ የምትከራይ ጎጆ ልሠራ አስቤአለሁ፤ እርስዎ ዕድሜዎን የፈጁበት ሥራ ነውና ይምከሩኝ» ባለኝ ጊዜ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ አልጋው ብዛትና ለአንድ ሌሊት ስንት እንደሚጠየቅ የምነግረው መስሎት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይጠብቅ ኖሯልና፣ እኔ በምላሹ «ውሃው በፋሲካ የት ይደርሳል?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ሐይቅ እንደ ከብት ወዴት ይሄዳል ብሎ ይሆናል። ይህ ልጅ ወደ ጉባ የወረደው ለሕዳሴው ግድብ ሲሚንቶ በሚያመላልስ ከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ሲሆን፣ የቆላው ሙቀት ሳያባርረው ቀርቶ ዛሬ በወረዳዪቱ ከተማ በማንኩሽ ለሾፌርና ለሠራተኛ አምስት አልጋ ያከራያል፤ አልጋ ማከራየትን ያውቃል ማለት ነው። የውሃ ዳር ቤት ግን ሌላ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ከስልክ የረዘመ ነገር ስለሚያስፈልግ ይህንን እጽፍለታለሁ።

እኔ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ በባሕር ዳር፣ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ያላትን ቤት ለእንግዳ ማከራየት የጀመርሁት በ1987 ዓ.ም. ነው። ቤቲቱ የአባቴ ናት፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ተወስደው እርስዋ ብቻ ለመኖሪያ ስለቀረችልን፣ በቤተ ሰባችን ዘንድ «ኪራይ» የሚባለው ቃል ለብዙ ዘመን እንደ ክፉ ሕልም የማይነሣ ነበር። እናቴ ግን የምትቃወመኝ በሌላ ምክንያት ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች እግራቸውን አሳጥቦ፣ እንጎቻ አስጋግሮ፣ ጥጃ አሳርዶ ሲያስተናግድ ዋጋ ጠየቀን? ስትል ትሟገተኝ ነበር፤ የመሸበትን መንገደኛ አሳድሮ ማለዳ ሒሳብ ማቅረብ ለእርስዋ ከነውር የሚቆጠር ነበር። በዚህ ረገድ እርስዋ ብቻ አልነበረችም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው በልቶ መክፈልን ስላልለመደ፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አስለመዱ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ተከራዮቼ ባልና ሚስት በመጡ ዕለት እናቴ ከእኔ ተደብቃ በጓሮ በኩል ዶሮ ወጥ በመሶብ ላከችላቸው፤ እነርሱም በማግሥቱ የወጡን ሒሳብ እንድነግራቸው ቢጠይቁኝ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈች። ባልና ሚስቱ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ተመላለሱ፤ ወደው የሚመጡት ወደ እኔ ወይስ ወደ መሶቡ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ግድግዳማ የትም አለ። ከአዲስ አበባ ድረስ የሚመጣ ሰው የሚከፍለው ከበረንዳው እስከ ውሃው ላለችው ለሠላሳ እርምጃ ነው፤ እኔም በአልጋና በአንሶላ ላይ ከምደክመው ይልቅ በእነዚያ ሠላሳ እርምጃዎች ላይ ደክሜአለሁ። ሣሩ በጠዋት ጤዛ እግር ያርሳልና ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርሁበት፤ ሌሊት ጉማሬ ከውሃው ወጥቶ ሣሩን እንደ ማጭድ ሲያጭደው እንግዳ በጨለማ እንዳይወጣ ፋኖስ የያዘ ዘበኛ አቆምሁ፤ ማለዳ ደግሞ የታንኳው ባለቤት ቆሮሶና አምባዛ ይዞ በዚያው በኩል ስለሚመጣ፣ ዓሣውን ከታንኳው ላይ መርጦ መግዛት እንግዳውን ከማናቸውም ቁርስ ይልቅ ያስደስተዋል።

እንግዲህ በ1995 ዓ.ም. ያቺ ሠላሳ እርምጃ ጠፋችብኝ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ በ1988 ዓ.ም. የተሠራው መቆጣጠሪያ፣ በ1993 ዓ.ም. በሮቹ ሰባት ከደረሱ ወዲህ፣ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃውን መጥኖ ይለቅ ነበርና፣ ዝናብ ባነሰበት በዚያ ዓመት ሐይቁ ከወትሮው እጅግ ወርዶ መርከቦች እንኳ ለወራት ቆሙ። ከደጃፌ እስከ ውሃው የነበረው መንገድ ከመቶ እርምጃ በላይ ሆኖ፣ መካከሉ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ፣ ከዚያም የሚሸት አረንቋ ሆነ። ለፋሲካ ቀብድ የከፈሉ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን ማጽዳት ቢያስቸግራቸው፣ በትሕትና ግን በማያዳግም ቃል፣ «ወንድሜ፣ እኔ የተከራየሁት ሐይቅ ነበር» ብለው ቀብዳቸውን ጠየቁ። መለስሁላቸው። ሕግ ባያስገድደኝም፣ ቃል የገባሁት ውሃ አጠገባቸው አልነበረምና።

የእህቴ ልጅ ሊሠራበት ያሰበው ሐይቅ ደግሞ ከፍጥረቱ የግድብ ሐይቅ ነው። 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ የያዘው ንጋት ሐይቅ፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ውሃው የተከማቸው ለ13ቱ ተርባይኖች እንጂ ለበረንዳ አይደለም፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ እየተለቀቀ መብራት ይሆናል። የሥራችን ምፀት እዚህ ላይ ነው፤ የእኛ እንግዳ የሚመጣው በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ፣ መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ ይኸውም ሐይቁ እየጎደለ የሚሄድበት ወራት ነው፤ ሐይቁ አፉን ሞልቶ በሚያምርበት በመስከረም ደግሞ ዝናቡ ገና አላባራም፣ ወባም አይሏል። ጣና በደህናው ዓመት በክረምትና በበጋ መካከል የሚለያየው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የግድብ ሐይቅ ግን ከዚህ እጅግ አብልጦ መውረድና መውጣት ባሕርዩ ነው። ዳርቻው በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ለጥ ያለ መሬት ቢሆን፣ ሐይቁ አሥር ሜትር ሲወርድ ውሃው ከደጃፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይርቃል። የሚያስገርመኝ ደግሞ ውሃው ያው የእኔው መሆኑ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውሃ አንዱ ክፍል በዋሻ ተጠልፎ በጣና በለስ ጣቢያ በኩል ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፣ በለስም በጉባ ከዓባይ ይገናኛልና፣ በበረንዳዬ ፊት ያለፈው ውሃ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የእህቴ ልጅ ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ ጎጆውን ከውሃው አፍ አርቆ፣ ከፍ ካለ ገደላማ ቦታ ላይ ይሥራ እለዋለሁ፤ ቁልቁለቱ የጠና እንደ ሆነ ውሃው ቢወርድም ከዓይን አይርቅም። በዳውሮ፣ በጊቤ ሦስት ሐይቅ ላይ የተሠራውን የሃላላ ኬላን የእንግዳ ማረፊያ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ባለው በካሪባ ሐይቅ ደግሞ የሚከራየው ተንሳፋፊ ቤት ነው፤ ውሃው ሲሄድ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ለእኛ ይህ ገና የሩቅ ነገር ነው፤ ይልቅስ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የቆላ ቀርከሃ አገር ነውና፣ ታች ውሃው ዳር የምትቀመጠው ነገር ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያነሣት የቀርከሃ ዳስ ትሁን። ቀርከሃውን እንደ ተቆረጠ ቢሠራበት ነቀዝ ይፈጨዋልና አስቀድሞ ጥቂት ሳምንት በውሃ ይዘፍዝፈው። መሬቱን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላልና፣ ከወረዳው በጽሑፍ ሳይቀበል፣ ቦታውን ከእርሱ አስቀድመው ከሚያውቁት ከጉሙዝ ሽማግሌዎችም ሳይመክር አንዲት ችካል እንዳይተክል። አጎበር ለየአልጋው፤ ስለዚህ ክርክር የለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልጽፍም። በደህናው ዓመት ከ365 ሌሊት ቤቴ ሰው የሚያድርባት ለመቶ ያህሉ ነው፤ በቀረው ሁሉ ዘበኛው ደመወዙን፣ ዝገቱም ቆርቆሮውን መብላቱን አያቋርጥም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ የክልላችን ሰላም ከደፈረሰ ጀምሮ፣ እንግዳ በጣት የሚቆጠር ሆኗል፤ ጉባ ያለችበት መተከልም እንዲህ ያለውን ዘመን ከእኛ አስቀድሞ ቀምሷል። እኔን ከዕዳ ያዳነኝ ከሚገባው ሲሶውን ለቤቱ ዕድሳት፣ ሲሶውን ለክፉ ቀን አስቀምጬ የቀረውን ብቻ መብላቴ ነው፤ ይህንንም የጀመርሁት ቀብዱን ለሽማግሌው ከመለስሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት በስልክ ያዘዝሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከኅዳር ጀምሮ በየወሩ በሚካኤል ዕለት ውሃው በደረሰበት ላይ ችካል እየተከለ በመካከላቸው ያለውን እርምጃ እንዲቆጥር ነው። በየካቲት ደወለልኝ። ከኅዳሩ እስከ ታኅሣሡ ችካል 41 እርምጃ ሆኖ፣ የጥሩን ግን ቢፈልግ አጣው። «ማን ነቀለው?» ብለው፣ «ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው፤ ጋሼ፣ ውሃው ሲርቃቸው ነቅለው ወደ ታች ወስደው ጀልባቸውን አስረውበታል፤ በየሳምንቱም ያወርዱታል አሉ» አለኝ።