የንክኪ ፍርሃት፤ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ስለተባለው ፊልም

ራዱ ሚሃይሊያኑ በ1997 ዓ.ም. ያወጣው ይህ ፊልም፣ በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ ቤተ እስራኤል መስሎ ከሱዳን ወደ እስራኤል የተሻገረውን የአንድ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ልጅ ታሪክ ይተርካል። የተማሪዎች ወላጆች በሽታ ያስተላልፋል ብለው በፈሩት ጊዜ፣ አሳዳጊ እናቱ በፊታቸው ፊቱን በምላሷ ትልሳለች፤ የፊልሙ ብርቱ ትዕይንትም ይኸው ነው።

ነገር ግን የንክኪ ፍርሃት በእስራኤል የተጀመረ አይደለም። በጎንደር አገር ክርስቲያኑ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቤተ እስራኤል «ቡዳ» እያለ ይሸሽ ነበር፤ ቤተ እስራኤልም ስለ ንጽሕና ሕጋቸው ከባዕድ ንክኪ ይጠበቁ ስለ ነበር «አትንኩኝ» ተብለዋል። ፊልሙ ይህን ድንበር አልመረመረውም። ስለዚህ ልጁን በስደት ያገኘው መገለል፣ በገዛ አገሩ በጎረቤት ላይ ይፈጸም የነበረው መሆኑን ተመልካቹ ሳይረዳ ይቀራል።